የቤተሰብን ባህር ዛፍ ሳያሟጥጡ ለመጠቀም፦ አገር ቤት ደን ላለው የቂርቆስና የካዛንቺስ ነዋሪ

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ጭቃው ተራግፎ ከውስጥ የወጣው ባህር ዛፍ ነበር። ቋሚው ባህር ዛፍ፣ ማገሩም ባህር ዛፍ፣ ቆርቆሮውን የተሸከመው ወራጅም ያው ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከሠራው ድርጅት አጠራር ቢሆንም፣ የሰፈሩም ሆነ የቂርቆስ ተራ ሰው ቤት የቆመው ገበሬ ከጓሮው ቆርጦ በላከው እንጨት ነው። በከተማዋ አዲስ ግንባታ ላይም ሠራተኛው ለዓመታት ሲወጣ የኖረው በአጣና ላይ ነው። ይህ እንጨት በአብዛኛው የሚመጣው ከጉራጌ፣ ከሸዋና ከጎጃም የቤተሰብ ማሳዎች እንጂ ከትልልቅ የመንግሥት ደኖች አይደለም። የእነዚያ ማሳዎች ባለቤቶች ልጆች ደግሞ እዚሁ ቂርቆስ ሱቅ ይነግዳሉ፣ ቢሮ ይሠራሉ፣ ታክሲ ይነዳሉ። ይህ መመሪያ ለእነርሱ ነው። አባትዎ፣ እናትዎ ወይም ታላቅ ወንድምዎ አገር ቤት ከሩብ ሄክታር እስከ አንድ ሄክታር የሚደርስ ባህር ዛፍ ካላቸው፣ እርስዎ ከተማ ሆነው ያ ደን እንዲቆይም ገቢው እንዲጨምርም ማድረግ ይችላሉ።

ለዚህ መነሻ የሚሆን አንድ የታሪክ እውነት አለ። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዙሪያዋ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀ፤ ዳግማዊ ምኒልክም መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካጸኗት ምክንያቶች ዋነኛው በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባህር ዛፍ ነው። ዛፉ ይህን ያደረገው ባለመቆረጡ አይደለም። በየጊዜው እየተቆረጠ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ደን አያያዝን «ዛፍ አትቁረጡ» በሚል ምክር መጀመር ከመጀመሪያው የተሳሳተ መንገድ ነው። ለመቁረጥ የተከለን ገበሬ እንዳይቆርጥ የሚመክረው ሰው ሰሚ አያገኝም፤ ሊያገኝም አይገባውም። ደኑ የሚጎዳው ሁሉም በአንድ ቀን፣ በቁሙ፣ በዓይን ግምት ሲሸጥና ከዚያ በኋላ ጉቶውን የሚያየው ሰው ሲጠፋ ነው። ቀጥሎ ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ከዚህ ሐሳብ የሚወጡ ናቸው።

የመጀመሪያው እርምጃ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። እርስዎ የሚኖሩት እንጨቱ በሚደርስበት ጫፍ ላይ ነው፤ አገር ቤት ያለው ወላጅዎ የሌለው ዕውቀት ይህ ነው። በሰፈርዎ ግንባታ ካለበት ወይም እንጨት ከሚሸጥበት ቦታ ሄደው የእያንዳንዱን ዓይነት ዋጋ በውፍረትና በርዝመት ለይተው ይጠይቁ፤ ማገሩ ስንት ነው፣ አጣናው ስንት ነው፣ ወፍራሙ ቋሚ ስንት ነው፣ የተሰነጠቀው ሞራሌና ጣውላ፣ ፍልጡስ? ቢያንስ ከሦስት ሻጮች ጠይቀው በደብተር ያስፍሩ። ከዚያ ነጋዴው አገር ቤት ለአንድ ዛፍ ስንት እንደሚከፍል በስልክ ያጣሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ የነጋዴው ትርፍ ነው ብለው እንዳይደመድሙ፤ የቆራጭ፣ የተሸካሚ፣ የጭነት መኪናና የመንገድ ወጪ በውስጡ አለ። ይበልጥ መመልከት ያለብዎት በቀጭኑና በወፍራሙ ዋጋ መካከል ያለውን ርቀት ነው። የግንዱ ስፋት በእጥፍ ሲያድግ የቁርጡ ገጽ አራት እጥፍ ይሆናል፤ 10 ሳንቲ ሜትር የነበረው ግንድ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ በአንድ ሜትር ርዝመት የሚገኘው እንጨት በአራት ይባዛል። ወፍራም እንጨት ደግሞ ቀጭኑ የማይገባበት ሥራ ውስጥ ስለሚገባ ገዢው ሌላ ነው። በችኮላ ሁሉንም በማገርነት የሚሸጥ ቤተሰብ የሚያጣው ይህንን ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ቆጠራ ነው፤ ቀኑም የታወቀ ነው። የጉራጌ ሰው ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለዐረፋ አገሩ ይገባል፤ ሌላውም በዓመት አንዴ የሚሄድበት በዓል አያጣም። ቤተሰብ ሁሉ በተሰበሰበበት በዚያ ሳምንት የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ገመድና ደብተር ይዘው ወደ ደኑ ይግቡ። አንድ በአንድ መቁጠር አያስፈልግም። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በገመድ ይከልሉና በውስጡ ያለውን ዛፍ ሁሉ ይቁጠሩ፤ የእያንዳንዱን ዙሪያ በደረት ከፍታ፣ ማለትም ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ፣ ይለኩ። ዙሪያውን ለ3.14 ሲያካፍሉ ስፋቱን ያገኛሉ፤ ዙሪያው 31 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ ስፋቱ 10 ገደማ፣ 63 የሆነው 20 ገደማ ነው። ይህን ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታችና ከዳር በአራት ቦታ ያድርጉና አማካዩን ይውሰዱ። 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ሩብ ሄክታር እንዲህ ያለ አራት ማዕዘን 25 ይይዛል፤ ስለዚህ አማካዩን በ25 ማባዛት ነው። ልጆች ሜትሩን ይያዙ፣ አባት የዛፉን ዕድሜ ይናገሩ፣ እርስዎ ይጻፉ። ሥራው ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ቤተሰቡ ግን በዚያ ግማሽ ቀን ማገር የሚሆነው ስንት፣ አጣና የሚሆነው ስንት፣ ገና መቆየት ያለበት ስንት እንደሆነ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ያውቃል። ከዚያ በኋላ ነጋዴ መጥቶ «ይህችን ጥግ በዚህ ያህል» ሲል የሚመልሱለት ነገር አላቸው።

እዚህ ላይ ስለ አነጋገር አንድ ነገር ልበል። ከተማ የቆየ ልጅ በበዓል ሄዶ ለወላጁ ስለ ደን ሊያስተምር ሲነሳ ይከበራል እንጂ አይሰማም። ዛፉን የተከሉት፣ ያረሙት፣ ሌሊት የጠበቁት እነርሱ ናቸው፤ ይዞታውም በእነርሱ ስም ነው። የእርስዎ ድርሻ የዋጋውን ደብተርና የቆጠራውን ደብተር ጎን ለጎን አስቀምጦ መጠየቅ ነው። «አባባ፣ ይሄኛው ሁለት ዓመት ቢቆይ ምን ይሆን ነበር?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ከሚያስረዳው ባለሙያ ይልቅ ሩቅ ይሄዳል። ውሳኔው የእነርሱ ሆኖ ሲወጣም እርስዎ ወደ ቂርቆስ ከተመለሱ በኋላ ይጸናል።

የሁሉም እምብርት ሦስተኛው እርምጃ ነው፤ ደኑን መከፋፈል። ያንን ሩብ ሄክታር እያንዳንዱ 12 ሜትር ተኩል ስፋት ባላቸው አራት ረድፎች ይክፈሉት። በየሁለት ዓመቱ አንዱን ረድፍ ብቻ ይቁረጡ። በስምንተኛው ዓመት አራተኛው ረድፍ ይቆረጣል፤ በአሥረኛው ወደ መጀመሪያው ሲመለሱ ከጉቶው የበቀለው ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ቤተሰቡ በየሁለት ዓመቱ ገቢ አለው፣ ሦስት አራተኛው ደን ግን ሁልጊዜ ቆሞ ነው። አፈሩ በአንድ ክረምት አይራቆትም፣ የዝናብ ጎርፍም ባዶ ሜዳ አያገኝም። ረድፉን ለምን ከዚህ አናጠብበውም የሚል ቢኖር ምክንያቱ ብርሃን ነው። ባህር ዛፍ በጥላ ውስጥ በደንብ አያቆጠቁጥም፤ ከግራና ከቀኝ ረጃጅም ዛፎች የቆሙበት ጠባብ መስመር ላይ ቡቃያው ይመነምናል። ስለዚህ ረድፉን ከዚህ አያጥብቡት። መሬትዎ ከሩብ ሄክታር ያነሰ ከሆነ አራቱን ትተው በሁለት ወይም በሦስት ይክፈሉት።

በዚህ ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ ስስት አይደለም፤ ችግር ነው። ባህር ዛፍ ለገበሬው ባንኩ ነው። ልጅ ሲታመም፣ ሠርግ ሲደርስ፣ ሰው ሲሞት፣ የትምህርት ወጪ ሲመጣ የሚታየው ያ ደን ነው። «ሰው ታሞ ረድፍ ቆጥረህ ጠብቅ ልትለኝ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሙሉ ክብር ይገባዋል። መልሱ ክፍፍሉን መተው ሳይሆን በክፍፍሉ ውስጥ ለችግር ቀን ቦታ መስጠት ነው። ዕድሜው ከሁሉ የገፋውን ረድፍ ቤተሰቡ በስምምነት የመጠባበቂያ ረድፍ ይበለው፤ አጣዳፊ ነገር ሲመጣ እርሱ ይቀድማል። ከዚያ ቀጥሎ ከሌሎቹ ረድፎች ተጨናንቀው የቆሙትን ቀጫጭኖች መርጦ ማሳሳት ይቻላል፤ ይህ ገንዘብ እያመጣ የቀሩትን ያወፍራል። ደግሞም ሁሉንም በአንድ ቀን የሸጠ ቤተሰብ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ቢታመም የሚሸጠው የለውም። እርስዎም ከቂርቆስ የሚልኩት ገንዘብ ካለ፣ ከምንም በላይ የሚጠቅመው ያልደረሰ ረድፍ እንዳይሸጥ በችግሩ ሳምንት ሲደርስ ነው።

አራተኛው እርምጃ ሽያጩን በወረቀት ማድረግ ነው። ነጋዴው የራሱን ቆራጭ ይዞ ሲመጣ ስለሚቀረው ጉቶ የሚያስብበት ምክንያት የለውም፤ እርሱ የገዛው ከላይ ያለውን ነው። ስለዚህ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ፣ ሁለት ሽማግሌዎች በምስክርነት ባሉበት፣ የትኛው ረድፍ እንደተሸጠ፣ የዛፉ ብዛት በውፍረት ተለይቶ፣ ሥራው የሚያልቅበት ቀን፣ ከተሸጠው ውጭ ለሚወድቅ ዛፍ የሚከፈለው፣ ጉቶው እንዴት እንደሚቆረጥና ቅጠሉ የማን እንደሆነ ይጻፍ። ከሁሉ የሚሻለው ጎረቤቶች ተባብረው በአንድ ጊዜ አንድ መኪና የሚሞላ እንጨት ማቅረብ ነው። ሙሉ መኪና የሚጭን ነጋዴ ለመደራደር ፈቃደኛ ነው፤ ለአንድ ጥግ ማገር ብቻ የመጣ ግን መንገዱን ሁሉ በእርስዎ ዋጋ ላይ ያስባል።

አሁን ወደ ጉቶው። የሚቀጥለው ደን እዚህ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቅ የሚያጣውም እዚህ ነው። ዛፉ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ከተቻለ በመጋዝ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ዘንበል ብሎ ይቆረጥ። በመጥረቢያ ተመቶ ልጡ የተላጠና የተሰነጠቀ ጉቶ ወይ ይበሰብሳል ወይ ደካማ ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያው የሚወጣው ከልጡ ሥር ነውና። ጊዜውን በተመለከተ፣ በደጋው አገር ከመስቀል በኋላ የተቆረጠ ጉቶ ለጋ ቡቃያው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ውርጭ ይመታል። በበጋው መሐል የተቆረጠው ደግሞ ልጡ በድርቅ ይላላል። ለጉቶው የሚበጀው መኪና ከመንገድ ሳይቀር፣ ክረምቱም ሳይርቅ፣ በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መቁረጥ ነው። በመስቀል ይቆጠራል፣ ይስማማሉ፤ በግንቦት ይቆረጣል። ከዚያ ከአንድ ጉቶ ብዙ ቡቃያ ይወጣል፤ ሁሉም ከቀረ ሁሉም ጭራሮ ነው። ቁመታቸው ከሰው ሲበልጥ ሦስት ወይም አራት ጠንካሮችን አስቀርቶ ሌላውን ማንሳት፣ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ አጣና ከተፈለገ ሁለት፣ ወፍራም ቋሚ ከተፈለገ አንድ ብቻ መተው ነው። ሲመርጡ ከጉቶው ዝቅ ብሎ የወጣውንና ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያለውን ያስቀሩ፤ በሌላው በኩል ያለው በነፋስ ከሥሩ ይገነጠላል። ጉቶው ላይ ቅርንጫፍ ከምሮ ማቃጠል ደግሞ በፍጹም አይደረግ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከብት አይግባ፤ ባይበላው እንኳ ይረግጠዋል።

አዲስ ሲተከል የሚደረገው ስህተት መጨናነቅ ነው። ሩብ ሄክታር ላይ በአንድ ሜትር ርቀት 2,500 ችግኝ ይገባል፤ በሁለት ሜትር 625፣ በሁለት ሜትር ተኩል 400 ብቻ። ብዙ መትከል ብዙ ማግኘት ይመስላል፤ ፍላጎትዎ ማገር ከሆነ አንድ ሜትሩ ያስኬዳል። ወፍራም የሚፈልግ ግን ወይ አራርቆ ይትከል ወይ አጠጋግቶ ተክሎ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ያሳሳ። ቅጠልና ልጣጩን በተመለከተ፣ ዛፉ ከአፈር ከወሰደው ምግብ ብዙው ያለው በእነርሱ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ለምጣድ እንደሚፈለግ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ግማሹ በቦታው ይቅር።

«ባህር ዛፍ ራሱ ጠንቅ ነው፣ ውሃ ይጠጣል፣ አፈር ያደርቃል፣ ይነቀል እንጂ ምን አያያዝ ያስፈልገዋል» የሚለው ተቃውሞ ግማሽ እውነት አለው። በጣና ዙሪያ የተደረገ ጥናት ከባህር ዛፍ እስከ 20 ሜትር ድረስ ያለ የበቆሎ ማሳ እርጥበትና ምርት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ከእንሰት ጓሮ፣ ከእህል ማሳና ከጎረቤት ድንበር አጠገብ አይተከል፤ ከምንጭና ከወንዝ ዳር ደግሞ ጨርሶ ይነሳ። ነገር ግን ከተማዋ የምትፈልገው እንጨት ዛፉ ቢነቀል አይቀርም፤ ከሌላ ቦታ ይቆረጣል፤ ያ ሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ የተፈጥሮ ደን ነው። ለቁልቁለትና ለተጎዳ መሬት የተመደበ፣ በቦታው የተወሰነ ባህር ዛፍ ወይራውንና ጽዱን ከመጥረቢያ ያተርፋል። ከምንጩ ዳር የተነሳውን ቦታ እንደ አገሩ ከፍታ በኮሶ፣ በጥቁር እንጨት፣ በብሳና ወይም በዋንዛ ይተኩት።

በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ብቻ መተማመን የሚያስከትለውን ለማየት የአዊ ዞንን መመልከት ይበቃል። በዞኑ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር እየዘሩ፣ በአራትና በአምስት ዓመት ከሰል እያከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ሲልኩ ቆይተዋል፤ የተጎዳ መሬት አገግሟል፣ ብዙ ቤት በቆርቆሮ ተከድኗል። በቅርብ ዓመታት ግን የዋግ በሽታ ገብቶ ሰፊ ደን መትቷል። ጥፋቱ የከበደው አገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ስለነበር ነው። ስለዚህ ከአራቱ ረድፎች ቢያንስ በአንዱ ሌላ ዓይነት ዛፍ ይግባ። በበሽታ ቀን መድን የሚሆነው እርሱ ነው።

የሕጉ ጉዳይ አጭር ነው፤ ቸል አይባል እንጂ። «መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ለማን ብዬ ልድከም» ለሚለው፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም ቢልም ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራውን ንብረት የመሸጥ፣ የማውረስና መብቱ ሲቋረጥ ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ የግል ደንን በስሙ ጠርቶ ያውቀዋል። የይዞታ ማረጋገጫው ደብተር የት እንደተቀመጠ ይወቁ፤ ወንድማማቾች ካላችሁ የማን ድርሻ የቱ ረድፍ እንደሆነ ወላጆች በሕይወት ሳሉ ይጻፍ፤ ብዙ ደን በአንድ ጊዜ የሚወድቀው በውርስ ክርክር ወቅት ነውና። መኪና ከመጫኑ በፊት ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የማጓጓዣ ፈቃድ ይጠይቁ። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ቢፈለግ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ ሲገመት የቆጠራ ደብተርዎ ማስረጃ ይሆናል። ከካዛንቺስ ለተነሣ ሰው የሰነድ ዋጋ አይነገረውም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ብረት መወጣጫ እየተለመደ ሲሄድ አጣናውን ማን ይገዛዋል? ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ በረጃጅም ሕንፃዎች ላይ ለውጡ እየታየ ነው። ነገር ግን ይህ የሚጎዳው ቀጭን እንጨት ብቻ ያለውን ሰው ነው። የመብራትና የስልክ ምሰሶ፣ ጣውላ፣ የቤት ዕቃ እንጨት የሚወጣው ከወፍራም ግንድ ነው፤ ወፍራም ግንድ የሚኖረው ደግሞ ከፋፍሎ ላቆየ፣ አሳስቶ ላወፈረ ነው። ስለዚህ የዘንድሮው በዓል ከመድረሱ በፊት ከሰፈርዎ ሦስት እንጨት ሻጮች ዋጋ ይጠይቁ። ሲሄዱም ከስጦታው ጋር አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ 40 ሜትር ገመድና አንድ ደብተር ሻንጣዎ ውስጥ ይክተቱ።